ሳይቆፍሩ መምከር ይቅር

አስተያየት፤ ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለአርሶ አደሮች

ገበሬ በማሳው ላይ ቆሞ የሚያየው የሰብሉን ግማሽ አካል ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ፣ ማለትም ሥሩ፣ በአፈር ውስጥ ተሰውሮ ይኖራል። ውሃው የሚጠራቀመው፣ ምግቡ የሚገኘው፣ ሥሩ የሚተነፍሰው፣ ብዙው ችግርም የሚጀምረው እዚያው ከመሬት በታች ነው። ይሁን እንጂ ስለ ሰብል ምክር በምንሰጥበት ጊዜ አብዛኞቻችን የምንመለከተው ከመሬት በላይ ያለውን ቅጠል ነው። ቅጠሉ ቢጫ ከሆነ «ማዳበሪያ አንሶታል» እንላለን፤ ከጠወለገ «ዝናብ አጥሮታል» እንላለን። እንዲህ ያለው ምክር አንዳንድ ጊዜ ይሰምር ይሆናል። ሳይሰምር ሲቀር ግን ዕዳውን የሚከፍለው መካሪው ሳይሆን ገበሬው ነው።

ይህ ጽሑፍ አስተያየት እንጂ ትእዛዝ አይደለም። የሚያሳስበውም አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም የላቦራቶሪ መሣሪያ አለመኖር ሳያዩ ለመምከር ምክንያት ሊሆን አይገባም የሚል ነው። ከፌሮ፣ ከጣሳ፣ ከፕላስቲክ ጠርሙስና ከሲባጎ በሚሠሩ ቀላል መሣሪያዎች ስለ መሬት ውስጥ ብዙ ነገር ማወቅ ይቻላል። ይህ የሚሆነው ግን መሣሪያዎቹን በሥርዓትና በታማኝነት ስንጠቀምባቸው ነው።

አንድ ያልሰመረ ምክር

በሥራዬ መጀመሪያ ዓመታት ጥቁር አፈር በሚበዛበት አንድ የደጋ ወረዳ ተመድቤ እሠራ ነበር። በአንድ ክረምት፣ ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ስንዴያቸው ቢጫ ሆኖባቸው አስጠሩኝ። ማሳው ዳር ቆሜ ቅጠሉን አየሁና «አባባ፣ ናይትሮጅን አንሶት ነው፤ ዩሪያ ይጨምሩበት» አልኳቸው። እርሳቸውም በግ ሸጠው ዩሪያ ገዙና በተኑት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሼ ስሄድ ስንዴው ያው እንደ ቢጫ ነበር።

ሽማግሌው አንድም የቁጣ ቃል አልተናገሩም። ዶማቸውን አንሥተው ከማሳው መካከል ጉልበት የሚደርስ ጉድጓድ ቆፈሩ። ቁፋሮው ሳያልቅ ከጉድጓዱ ግድግዳ ውሃ መንጠብጠብ ጀመረ፤ ጥቂት ቆይቶም ጉድጓዱን እስከ ግማሽ ሞላው። ከዚያም አንድ የስንዴ እግር ነቅለው ሥሩን አሳዩኝ። አጭር፣ የጠቆረና መጥፎ ሽታ ያለው ሥር ነበር። «ልጄ» አሉኝ፤ «ሐኪም እንኳ መድኃኒት ከማዘዙ በፊት ምላስህን አውጣ፣ ሆድህን ልዳብሰው ይላል። አንተ ግን ደጃፍ ላይ ቆመህ አዘዝክ።»

ነገሩ በሳይንስ ሲታይ እንደሚከተለው ነው። ሥር እንደ ማንኛውም ሕያው ነገር አየር ይፈልጋል። ውሃ በአፈር ቀዳዳዎች ውስጥ ሲተኛ አየሩ ይወጣል፤ ሥሩም ታፍኖ ምግብ መሳብ ያቅተዋል። በዚያ ላይ አየር ባጣ አፈር ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን ሕያዋን ናይትሮጅኑን ወደ ጋዝነት እየለወጡ ወደ አየር ይሰዱታል። ስለዚህ ቅጠሉ ናይትሮጅን አጥቷል ማለቴ ስሕተት አልነበረም፤ የተሳሳትኩት ምክንያቱን ሳልመረምር መድኃኒት በማዘዜ ነው። ለዚያ ማሳ በቅድሚያ የሚያስፈልገው ውሃ ማንጣፈፊያ ቦይ ነበር። ያን ጉድጓድ እኔ አስቀድሜ ብቆፍረው ኖሮ ከግማሽ ሰዓት በላይ አይፈጅብኝም ነበር፤ የሽማግሌውም በግ ባልተሸጠ ነበር።

ይህ የአንድ ማሳ ነገር ብቻ አይደለም። መረሬ ወይም ዋልካ እየተባለ የሚጠራው ጥቁር አፈር በአገራችን ወደ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር እንደሚሸፍን ይገመታል፤ ከዚህም ከግማሽ የሚበልጠው በደጋውና በወይና ደጋው ክፍል ይገኛል። ማዳበሪያም ዋጋው እየናረ በመሄዱ ያለቦታው የተበተነ እያንዳንዱ ኪሎ በቤተሰብ ኑሮ ላይ የሚያስከትለው ጉዳት ከቀድሞው የከፋ ሆኗል።

«ዕቃ የለንም» ስለሚለው ምክንያት

የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ሳይመረምር ለምን እንደመከረ ሲጠየቅ አዘውትሮ የሚሰጠው መልስ «መሣሪያ የለንም፤ ላቦራቶሪው ሩቅ ነው» የሚል ነው። ይህ እውነትነት አለው። የአፈር ላቦራቶሪዎች ጥቂት ናቸው፤ ናሙና ልኮ ውጤት እስኪመለስም የዘር ጊዜ ሊያልፍ ይችላል።

ነገር ግን አንድ የሚዘነጋ ቁም ነገር አለ። ለአፈር ለምነት ምርመራ ወደ ላቦራቶሪ የሚላከው ናሙና በአብዛኛው የሚወሰደው ከላይኛው 20 ሳንቲ ሜትር ነው። ላቦራቶሪው በዚያ ናሙና ውስጥ ያለውን ንጥረ ነገር በሚገባ ይለካል። ይሁን እንጂ በ25 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ሥር የማያሳልፍ ደረቅ ንጣፍ ስለ መኖሩ፣ ወይም በ40 ሳንቲ ሜትር ላይ ውሃ ስለ መተኛቱ፣ በከረጢት የተላከለት አፈር ሊነግረው አይችልም። ለረጅም ዓመታት በብዙ ቦታ ለሁሉም ማሳ በሄክታር 100 ኪሎ ዳፕና 100 ኪሎ ዩሪያ ይመከር ነበር። ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኢትዮሲስ በመባል የሚታወቀው የአፈር መረጃ ሥራ የየአካባቢውን የንጥረ ነገር ጉድለት በካርታ ማሳየት ጀምሯል። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ሆኖም ካርታው ስለ አካባቢው እንጂ ስለ አንዱ ማሳ ሆድ ሊናገር አይችልም። ስለዚህ ላቦራቶሪው ከደጃችን ቢሆን እንኳ ጉድጓዱ አይቀርልንም።

ባለን ነገር መሥራት ለግብርና ምርምር አዲስ አይደለም። ሰሜን ሸዋ ውስጥ በእነዋሪ አካባቢ ገበሬዎች ከምርምሩ አስቀድሞ የጥቁር አፈርን ውሃ ለማንጣፈፍ በእጃቸው ሰፋፊ መደብ እያበጁ ይዘሩ ነበር። በ1986 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የጥቁር አፈር የጋራ ፕሮጀክት ይህንኑ ሥራ በበሬ ለማሠራት ሲነሣ ከውጭ አገር ትራክተር አላስመጣም፤ ሁለት የአገር ማረሻዎችን በማጣመር ሰፊ መደብና ቦይ የሚያወጣ መሣሪያ አዘጋጀ። ይህ ዛሬ ገበሬው ቢቢኤም እያለ የሚጠራው ነው። ለማረስ ከማረሻ መሣሪያ ማበጀት ከተቻለ፣ ለማየትስ ከጣሳና ከፌሮ ማበጀት ለምን ያቅተናል? «ያለውን የወረወረ ፈሪ አይባልም» እንዲሉ ነው።

ከቤትና ከገበያ ዕቃ የሚሠሩ መሣሪያዎች

ከዚህ በታች የተዘረዘሩት እያንዳንዳቸው አንድ የተወሰነ ጥያቄ የሚመልሱ ናቸው። መሣሪያውን ከማንሣት በፊት ጥያቄውን ማወቅ ያስፈልጋል።

ሀ) ጉድጓድ። ከሁሉ የሚቀድመውና ምንም ወጪ የማይጠይቀው መሣሪያ ዶማና አካፋ ነው። ጥልቀቱ ከ60 ሳንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር የሆነ ጉድጓድ ይቆፈር፤ አንደኛው ግድግዳ ፀሐይ እንዲያርፍበት ሆኖ በቢላዋ ይስተካከል። ከዚያም ከላይ ወደ ታች የአፈሩ ቀለም የት ላይ እንደሚለወጥ፣ ሥሩ እስከ የት እንደሚወርድ ይታይ። ቀጥ ብሎ ሲወርድ የቆየ ሥር በአንድ ጥልቀት ላይ ወደ ጎን ከታጠፈ እዚያ ላይ የከለከለው ነገር አለ። ግራጫ አፈር ውስጥ የዝገት መልክ ያላቸው ነጠብጣቦች ከታዩ በዓመቱ ውስጥ ለተወሰነ ጊዜ ውሃ እንደሚተኛበት ምልክት ነው፤ ይህም በበጋ እንኳ ሊነበብ ይችላል። አፈሩ ላይ ሎሚ ወይም አቼቶ ሲንጠባጠብበት አረፋ ካወጣ የኖራ ዓይነት ማዕድን በብዛት አለበት ማለት ነው፤ እንዲህ ባለው አፈር ላይ ኖራ መጨመር ገንዘብ ማባከን ይሆናል።

በአፈሩ ውስጥ ትሎች መኖራቸውን ለማወቅ ደግሞ ሰናፍጭ ይረዳል። በየጎኑ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጉድጓድ ተቆፍሮ በወጣው አፈር ውስጥ ያሉት ትሎች ይቆጠሩ። ቀጥሎ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የሰናፍጭ ዱቄት በ2 ሊትር ውሃ ተበጥብጦ በጉድጓዱ ወለል ላይ ይፍሰስ። ሰናፍጩ ስለሚያቃጥላቸው በጥልቀት ያሉት ትሎች በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ወደ ላይ ይወጣሉ። ትል የበዛበት አፈር አየርና ውሃ የሚያስገባ፣ ብስባሽም ያለው አፈር ነው። የምርመራው ጊዜ አፈሩ እርጥብ የሆነበት ወቅት መሆን አለበት፤ በበጋ ትሎቹ ወደ ጥልቀት ስለሚወርዱ ባይታዩ አያስገርምም።

ለ) የፌሮ መፈተሻ። 1 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ባለ 10 ፌሮ ብየዳ ቤት ተወስዶ ጫፉ ይሹል፤ በላዩም የመስቀያ እጀታ ይበየድለት። በየ5 ሳንቲ ሜትሩ በመጋዝ ምልክት ይደረግበት። ደህና ዝናብ ከጣለ ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በኋላ በማሳው ውስጥ እየተዘዋወሩ ቢያንስ በ10 ቦታ ቀስ ብለው ይውጉት። ብረቱ በእኩል ኃይል ሲወርድ ቆይቶ በድንገት ከቆመ ጥልቀቱን ይጻፉ። በአንድ ቦታ ብቻ ከቆመ ድንጋይ ሊሆን ይችላል። በአብዛኛዎቹ ቦታዎች በተቀራራቢ ጥልቀት ላይ፣ በተለይም ከማረሻው ጫፍ ሥር ከቆመ ግን በየዓመቱ በእኩል ጥልቀት በማረስና በከብት እግር የተጠቀጠቀ ንጣፍ መኖሩን ያመለክታል። በደረቅ ወቅት ይህ መፈተሻ አይታመንም፤ የደረቀ አፈር ሁሉ ይጠነክራልና።

ሐ) የጣሳ መለኪያ ለውሃ አሰራረግ። ባዶ የዱቄት ወተት ጣሳ ክዳኑና ታችኛው ክፍሉ ይነሣና ቀለበት ይሁን። በላዩ ላይ እንጨት አድርጎ እየመቱ ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ወደ አፈር ማስገባት ነው። የጣሳው ውስጣዊ ስፋት ከዳር እስከ ዳር 15 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ 440 ሚሊ ሊትር ያህል ውሃ ሲገባበት 2.5 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ይኖረዋል፤ ይህም እንደ አንድ ደህና ዝናብ ነው። የጣሳው ስፋት ሌላ ከሆነ ስፋቱን በራሱ አባዝቶ፣ በ0.785 አባዝቶ፣ በሚፈለገው ከፍታ ማባዛት ነው፤ ሁሉም በሳንቲ ሜትር ከተለካ ውጤቱ በሚሊ ሊትር ይገኛል። ውሃው ሰርጎ እስኪያልቅ ያለው ጊዜ በሰዓት ይለካ። የመጀመሪያው ውሃ ደረቁን አፈር ስለሚያርስ በፍጥነት ይጠፋል፤ ስለዚህ ለሁለተኛ ጊዜ ይጨመርና የሁለተኛው ጊዜ ይጻፍ። 2.5 ሳንቲ ሜትሩ በግማሽ ሰዓት ቢያልቅ አፈሩ በሰዓት 5 ሳንቲ ሜትር ያሰርጋል ማለት ነው። በተሰነጠቀ ጥቁር አፈር ላይ ግን ይህ መለኪያ ሰውን ያታልላል፤ ውሃው በስንጥቁ ስለሚሾልክ አፈሩ የሚያሰርግ ይመስላል። እርጥበት አግኝቶ ስንጥቁ ሲዘጋ እንደገና መለካት ያስፈልጋል።

መ) የጠርሙስ ምርመራ። አንድ ብርሃን የሚያሳልፍ የውሃ ፕላስቲክ፣ ማለትም ሃይላንድ፣ አንድ ሦስተኛው በደቀቀና በተነፋ ደረቅ አፈር ይሞላ። ውሃና ቁንጥር የልብስ ሳሙና ዱቄት ተጨምሮበት ለአምስት ደቂቃ በኃይል ይናጥ፤ ከዚያም ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ። በ1 ደቂቃ ውስጥ የሚዘቅጠው አሸዋ ነው። በ2 ሰዓት ውስጥ በላዩ የሚያርፈው ደለል ነው። ከዚያ በኋላ በ1 ወይም በ2 ቀን የሚዘቅጠው ሸክላ ነው። በየጊዜው በጠርሙሱ ላይ ምልክት ይደረግ። ጠቅላላው ዝቃጭ 10 ሳንቲ ሜትር ሆኖ አሸዋው 2፣ ደለሉ 3፣ ሸክላው 5 ሳንቲ ሜትር ቢሆን አፈሩ ሸክላ የሚበዛበት ነው ይባላል። ይህ አሠራር ጨዋታ አይደለም። ትልቅ ቅንጣት ከትንሹ ፈጥኖ እንደሚዘቅጥ ጆርጅ ስቶክስ በ1851 እ.ኤ.አ. በስሌት ያሳየው ሕግ ነው፤ ላቦራቶሪውም የሚጠቀምበት ይህንኑ ነው። ልዩነቱ ላቦራቶሪው በክብደት ሲለካ እኛ በውፍረት መለካታችን ነው፤ ሸክላ በውሃ ውስጥ ስለሚያብጥም የእኛ ቁጥር የሸክላውን ድርሻ ከፍ ሊያደርገው ይችላል።

ሠ) የአፈር ጥቅጥቅነት መለኪያ። ሁለት ወገኑ የተከፈተ የቲማቲም ድልህ ጣሳ ወደ አፈር ይመታና አፈሩ ሳይረበሽ ይውጣ፤ ዳርና ዳሩም በቢላዋ ይስተካከል። ጣሳው 7 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 10 ሳንቲ ሜትር ቁመት ቢኖረው 385 ሚሊ ሊትር ያህል ይይዛል። አፈሩ በብረት ምጣድ ላይ በለዘብተኛ እሳት እየተማሰለ ይድረቅ፤ ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ሲመዘን ክብደቱ ካልቀነሰ ደርቋል። የቅመም ነጋዴ ሚዛን ለዚህ ይበቃል። 500 ግራም ቢመዝን፣ 500 ለ385 ሲካፈል 1.3 ይሆናል። በሸክላ አፈር ላይ ይህ ቁጥር ወደ 1.5 ሲጠጋ ሥር መግባት ይቸግረዋል፤ አሸዋማ አፈር ግን እስከ 1.6 ድረስ ብዙም አይጎዳም።

ረ) የከርሰ ምድር ውሃ መመልከቻ። 1 ሜትር ተኩል ያህል ርዝመት ያለው የፕላስቲክ ቱቦ ታችኛው ግማሹ በጋለ ምስማር ይበሳ፤ ጭቃ እንዳይገባበት በአሮጌ ጨርቅ ይጠቅለል። ጠባብ ጉድጓድ ተቆፍሮ ይተከልና ዙሪያው አሸዋ ይጨመርበት። አፉ አካባቢ ያለው ግን የላይ ጎርፍ እንዳይገባ በሸክላ ጭቃ ይጠቅጠቅ፤ አፉም ይከደን። ለመለካት በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ቋጠሮ ያለው ሲባጎ ጫፍ ላይ የሳልባትራ መልክ ያለው ትንሽ የብረት ክዳን አፉ ወደ ታች ሆኖ ይታሰር። ክዳኑ ውሃውን ሲነካ «ጶ» የሚል ድምፅ ያሰማል። በዚያን ጊዜ ቋጠሮውን መቁጠር ነው። በሳምንት አንድ ቀን እየለኩ መጻፍ ቦይ መቼና በምን ያህል ጥልቀት እንደሚያስፈልግ ያስታውቃል።

የጥንቃቄ ቃል፦ ከ1 ሜትር በላይ በጠለቀ ጉድጓድ ውስጥ ብቻዎን አይግቡ፤ እርጥብ ግድግዳ ይናዳል። በቆየ የውሃ ጉድጓድ ውስጥ የታመቀ አየር ሰው ስለሚገድል ለምርመራ ብለው አይውረዱበት። ምርመራው እንዳበቃ ልጅና ከብት እንዳይወድቅበት ጉድጓዱን ይድፈኑት።

መሣሪያውን ታማኝ የሚያደርገው

አንዳንድ የሥራ ባልደረቦች «ጣሳ ይዞ ማሳ ላይ የሚቀመጥ ባለሙያ ሳይንስን ያዋርዳል» ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። መሣሪያን ሳይንሳዊ የሚያደርገው የተሠራበት ፋብሪካ ሳይሆን የአጠቃቀሙ ሥርዓት ነው። ሺህ ብር የወጣበት መሣሪያ በዘፈቀደ ከተሠራበት ከጣሳ ያነሰ ነው። ጣሳም ቢሆን ሦስት ነገር ከተሟላለት የሚታመን ምስክር ይሆናል።

አንደኛ፣ አሠራሩ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ይሁን። ዛሬ በትልቅ ጣሳ፣ ነገ በትንሽ ጣሳ፣ አንዱን በደረቅ፣ ሌላውን በእርጥብ አፈር ለክቶ ማወዳደር አይቻልም። ሁለተኛ፣ በአንድ ማሳ ቢያንስ በሦስት ቦታ ይደገም። ሦስቱ ውጤቶች በጣም ከተራራቁ የሚናገሩት ነገር አለ፤ ወይ ማሳው አንድ ዓይነት አይደለም፣ ወይ አለካካችን ተበላሽቷል። ሦስተኛ፣ ያየነውን ሁሉ፣ የማይመቸንንም ጭምር፣ በዚያው ሰዓት በደብተር እንጻፍ። ቀን፣ የማሳው ባለቤት፣ የአፈሩ የአካባቢ ስም፣ ጥልቀት፣ ቁጥር። ያልተጻፈ ልኬት በማግስቱ ወሬ ይሆናል።

ከሁሉም በላይ ደግሞ ከጎረቤት ማሳ ጋር ማወዳደር አይዘንጋ። ቢጫ ከሆነው ስንዴ ሥር አንድ ጉድጓድ፣ ካማረው ስንዴ ሥር ሌላ ጉድጓድ መቆፈር ከማንኛውም ቁጥር ይልቅ ይናገራል።

የቤት መሣሪያ የማይደርስበት

ገደቡን ደብቆ መሣሪያን ማወደስ ሌላ ዓይነት ማታለል ነው። የአፈር ኮምጣጣነት ጥሩ ምሳሌ ነው። የቀይ ጥቅል ጎመን ጭማቂ በኮምጣጣ ነገር ውስጥ ወደ ቀላ ያለ ሮዝ መልክ እንደሚለወጥ የታወቀ ነው፤ ለትምህርት ቤት ልጆችም ጥሩ ማሳያ ነው። ነገር ግን ፒኤች 5 የሆነውን አፈር 5.5 ከሆነው ለመለየት አያስተማምንም። ለገበሬው ደግሞ ወሳኙ ልዩነት ያ ነው። ፒኤች ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየም እየሟሟ ሥርን ይጎዳል፤ መድኃኒቱም በሄክታር ብዙ ኩንታል የሚፈጅ ኖራ ነው። እንዲህ ያለውን ወጪ በጎመን ጭማቂ ቀለም ላይ ተመሥርቶ ማዘዝ አይገባም። ፎስፎረስን፣ ድኝን፣ ዚንክንም በቤት ዕቃ መለካት አይቻልም። እዚህ ላይ ናሙናው በወጉ ተወስዶ ወደ ላቦራቶሪ መላክ አለበት።

ስለሆነም የጣሳና የፌሮ ሥራ የላቦራቶሪን ቦታ ለመውሰድ አይደለም። የትኛው ማሳ ላቦራቶሪ እንደሚያስፈልገው፣ የትኛው ደግሞ ቦይ ብቻ እንደሚበቃው ለመለየት ነው። የጤና ጣቢያ ነርስ የሕመምተኛውን ትኩሳት ለክታ ወደ ሆስፒታል የሚላከውን ትለያለች እንጂ ሆስፒታሉን አታስቀርም።

«ጊዜ የለም» ለሚሉ

ሌላው ተቃውሞ የጊዜ ነው። አንድ የልማት ሠራተኛ የብዙ መቶ አባወራ ኃላፊነት ስላለበት የእያንዳንዱን ማሳ ሊቆፍር አይችልም። ይህ ትክክል ነው። ነገር ግን እንዲቆፍር የሚጠበቅበት የእያንዳንዱን አይደለም። ገበሬው መሬቱን መረሬ፣ ቦዳ፣ ቀይ አፈር፣ አሸዋማ እያለ ለይቶ ያውቀዋል፤ የትኛው ማሳ ውሃ እንደሚተኛበት፣ የትኛው ቶሎ እንደሚደርቅ ከአባቱ ተረክቧል። በአንድ ቀበሌ ውስጥ ያሉትን ዋና ዋና የአፈር ዓይነቶች ገበሬዎቹ ራሳቸው ከለዩ በኋላ፣ ለእያንዳንዱ ዓይነት በተራራው ወገብ አንድ፣ በሜዳው አንድ ጉድጓድ በጋራ ቢቆፈር የጥቂት ቀን ሥራ ነው። አሥር ገበሬ በተሰበሰበበት የተቆፈረ ጉድጓድ ደግሞ ከአንድ ሰዓት ንግግር የበለጠ ያስተምራል። ሰው በዓይኑ ያየውን ሥር አይረሳም።

በሐቅ ከተነጋገርን፣ ጊዜ የጠፋው ለቁፋሮው ብቻ አይደለም። የምንጠየቀው ሪፖርት ስንት ኩንታል ማዳበሪያ እንደ ተሠራጨ፣ ስንት ገበሬ እንደ ሠለጠነ ነው። ስንት ማሳ ከምክር በፊት ታየ ብሎ የሚጠይቅ ቅጽ ግን አላጋጠመኝም። ያልተጠየቀ ሥራ ደግሞ ሳይሠራ ይቀራል።

ምን ይደረግ?

በእኔ አስተያየት የሚከተሉት አራት ነገሮች ያለ ተጨማሪ በጀት ሊፈጸሙ ይችላሉ።

1. በየገበሬዎች ማሠልጠኛ ማዕከሉ አንድ ሣጥን ይኑር፤ በውስጡም አንድ የፌሮ መፈተሻ፣ ሁለት ቀለበት ጣሳ፣ አራት ጠርሙስ፣ ቋጠሮ ያለው ሲባጎ፣ ማስመሪያና ደብተር ይቀመጥ። ደብተሩ ሠራተኛው ሲዛወር አብሮት አይሂድ፤ የቀበሌው ንብረት ነው።

2. ከበልግም ሆነ ከመኸር ዘር በፊት በየዋናው የአፈር ዓይነት አንድ ጉድጓድ ገበሬዎች ባሉበት ይቆፈር። በክረምቱ መካከልም እንዲሁ ይደገም፤ የውሃው ነገር የሚገለጠው በዚያን ጊዜ ነውና።

3. ወደ ላቦራቶሪ ናሙና ሲላክ ከዚያው ናሙና ግማሹ በጠርሙሱ ይመርመር። ውጤቱ ሲመለስ ሁለቱ ይወዳደሩ። ጠርሙሱ በምን ያህል እንደሚሳሳት ማወቅ የሚቻለው በዚህ መንገድ ነው።

4. ኃላፊዎች በሪፖርት ቅጹ ላይ አንድ መስመር ይጨምሩ፤ «ከምክር በፊት የታየ ማሳ ብዛት» የሚል።

ለገበሬዎችም አንድ ቃል አለኝ። አንድ ባለሙያ ማሳችሁ ዳር ቆሞ መድኃኒት ሲያዝላችሁ ዶማ አቅርቡለትና «ልጄ፣ እስቲ አብረን እንየው» በሉት። የሚያፍር አይመስለኝም፤ ቢያፍርም ይጠቅመዋል። እኔን አንድ ጊዜ አሳፍረውኛል። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን ፌሮዬን ሳልይዝ ማሳ ገብቼ አላውቅም።